የማችቦክስ መኪኖችን መልክ መለየት፦ ከፎርማው እስከ ካርቶኑ

እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ንግግራችን በለንደኑ ሌስኒ ፋብሪካ ስለተሠሩት የማችቦክስ መጫወቻ መኪኖች ነው። ጊዜውን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1970 እንወስነዋለን፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መኪኖቹም ከ1 እስከ 75 ባሉት ቁጥሮች የወጡትና የክብሪት ሳጥን በሚመስል ትንሽ ካርቶን የተሸጡት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ቁጥርና አንድ ስም ያለው መኪና በአራትና በአምስት መልክ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ በሆነ መልክ ከፋብሪካው ወጥቷል። ሰብሳቢው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። በእጄ ያለው የትኛው መልክ ነው? ይህን መልክ የሰጠውስ ፋብሪካው ነው ወይስ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የነካካው ሰው ወይም ያገኘው ፀሐይ?

ከሁሉ አስቀድመን የምንለው ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዩት ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ ያልለመደውን ቀለም ሲያይ ልቡ ይዘልላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ያን ቀለም የሚደግፍ ይመስለዋል። እኛ የምንሄደው በተቃራኒው ነው፤ ለመለወጥ እጅግ ከሚያስቸግረው ጀምረን ለመለወጥ ወደሚቀለው እንወርዳለን። መጀመሪያ በፎርማ (የቀለጠ ብረት ገብቶ ቅርጽ በሚይዝበት ቅርጽ ማውጫ) የወጣው ብረት፣ ቀጥሎ ከሆዱ ሥር ያለችው ጽሑፍ ያለባት ሰሌዳ (ሻንሲ እንበላት) ከሪቬቶቿ (ከአካሉ ጋር ከሚያያዟት የተጨፈለቁ ምሰሶዎች) ጋር፣ ከዚያ አክሰል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) እና ጎማ፣ ከዚያ መስታወት፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ በመጨረሻ ካርቶኑ ይታያል። ከላይ ያለው ማስረጃ ከታች ያለውን ከተቃረነ የምናምነው የላይኛውን ነው።

ፋብሪካው ለምን እንዲህ ብዙ መልክ አወጣ? ሌስኒን በጥር 1947 የመሠረቱት ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ ናቸው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። ሥራው የተጀመረው በሰሜን ለንደን ኤድመንተን ውስጥ በተዘጋ መጠጥ ቤት ነው። የፎርማውን ሙያ ያመጣው ጃክ ኦዴል ሲሆን በ1953 የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች ወጡ፦ መንገድ መዳመጫ፣ ገልባጭና የሲሚንቶ ማደባለቂያ። በ1960ዎቹ ምርቱ በሳምንት በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ፋብሪካ አዲስ ጎማ መጣ ብሎ አሮጌውን አይጥልም፤ የተረፈው እስኪያልቅ ይገጠማል። አሮጌና አዲስ ክፍል በአንድ መኪና ላይ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። በመስመሩ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሰብሳቢ ይመጣል ብለው አልሠሩም፤ የሚፈለገው ዕቃው በጊዜ ተጠናቆ ወደ ሱቅ መውጣቱ ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ረዘም ላለ ጊዜ የምንቆየውም እዚሁ ላይ ነው። መኪናው የሚሠራበት ቅልቅል በአብዛኛው ዚንክ ነው፤ 4 በመቶ ያህል አሉሚኒየም፣ እጅግ ጥቂት ማግኒዚየም፣ አንዳንዴም መዳብ አለበት። ከ380 እስከ 390 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ቀልጦም በኃይለኛ ግፊት ወደ ብረት ፎርማ ይገባል።

ፎርማው የመኪናው ግልባጭ ነው። ከፎርማው ላይ ብረት ከተላጠ በመኪናው ላይ ብረት ይጨመራል፤ ፎርማው ውስጥ ተቆፍሮ የተጻፈ ፊደል መኪናው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ለፎርማ ሠሪ መላጥ ቀላል ሥራ ነው። የተላጠውን መመለስ ግን ብየዳ፣ ከዚያም እንደገና ማስተካከልና ማለስለስ ይጠይቃል፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ የአንድ ሞዴል ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቀርበው አንዱ ላይ ተጨማሪ ጎልቶ የወጣ ነገር ቢታይ፣ ለምሳሌ የማጠናከሪያ መስመር፣ የወፈረ ጠርዝ ወይም ያልነበረ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የተሠራው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወጡት ሞዴሎች ብዙዎቹ ሻንሲያቸው ላይ የተከታታዩ ቁጥር የለም፤ ቁጥሩ ኋላ የተጨመረ ነው። ቁጥር የሌለው ሻንሲ «የተሳሳተ» ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ነገሩን ገልብጦታል፤ ቀዳሚው ነው ማለት ነው።

ይህ ደንብ አንድ ነገር ያግደዋል። አንዳንድ ፎርማ በአንድ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ መኪና ያወጣል፤ ጉድጓዶቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ መልኮች መንትዮች ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ከአንድ ማሽን ወጥተዋል። ፊተኛና ኋለኛ ናቸው ለማለት ከሌላ ክፍል፣ ከጎማ ወይም ከአክሰል፣ ድጋፍ ሊኖር ይገባል።

የፎርማው ብረት በየጊዜው እየጋለና እየበረደ ሲሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቁ ውስጥ ቅልቅሉ ይገባና መኪናው ላይ ጎልቶ የወጣ ቀጭን መስመር ይሆናል። በጥፍራችሁ ዳሱት፤ ጥፍር የሚያደናቅፍ ጎልቶ የወጣ መስመር ከሆነ የፎርማ እርጅና ነው፣ የምርት ማስረጃ ነው። ጥፍር የሚገባበት ጎድጓዳ መስመር ከሆነ ጭረት ነው። ስንጥቁ ተከፍቶ፣ ብረቱ አብጦ ወይም ተጣምሞ ከታየ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቅልቅሉ ውስጥ እርሳስ ወይም ቆርቆሮ በትንሹ ገብቶ ዚንኩን ከውስጥ እያፈራረሰው ነው። ይህ በሽታ በብዛት የሚታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሊቨርፑል በተሠሩት ዲንኪ በተባሉ ሌሎች መጫወቻ መኪኖች ላይ ነው፤ መድኃኒት የለውም።

ሌላው መለኪያ ካሊፐር፣ ማለትም ርዝመትን በሚሊ ሜትር አጥብቆ የሚለካው መሣሪያ ነው። 5 ቁጥር የለንደን አውቶቡስ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆነናል። ከ1954 ጀምሮ የወጣው የመጀመሪያው ርዝመቱ 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ1957ቱ 57፣ የ1961ዱ 65፣ የ1965ቱ 70 ሚሊ ሜትር ገደማ። አራቱም ቀይ ናቸው፣ አራቱም ባለ ፎቅ ናቸው፣ አራቱም 5 ቁጥር ናቸው፤ ሆኖም የአንድ ሞዴል አራት መልክ ሳይሆኑ አራት የተለያዩ ሞዴሎች ናቸው። እኛ 5ሀ፣ 5ለ፣ 5ሐ፣ 5መ ብለን እንጽፋቸዋለን። መልክ መቁጠር የሚጀመረው በ5ሀ ውስጥ ወይም በ5ለ ውስጥ እንጂ በመካከላቸው አይደለም። ጀማሪ ሰብሳቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ካሊፐሩ ሐሰተኛ ቅጂንም ያጋልጣል። ከእውነተኛው መኪና ላይ በላስቲክ ፎርማ ተወስዶ በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል የተቀዳ ቅጂ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ከዋናው ትንሽ ያንሳል፤ የፊደላቱ ጠርዝም ደብዝዞ ይወጣል። ቅልቅሉ ከዚንክ ይልቅ ከባድ ስለሆነ በግራም ሚዛን ላይም ይለያል። ለማነጻጸር ግን እውነተኛነቱ የተረጋገጠ ሁለተኛ መኪና በእጃችሁ መኖር አለበት።

ወደ ሻንሲውና ሪቬቱ እንለፍ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ሻንሲው ከአካሉ ጋር የሚያያዘው ከአካሉ በወጣ ትንሽ ምሰሶ ነው፤ የምሰሶው ጫፍ በፋብሪካ ተጨፍልቆ የሪቬት ራስ ሆኗል። ይህ ራስ የመኪናው ማኅተም ነው ማለት ይቻላል። መኪናውን ለመፍታት ራሱን በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል፤ ከተበሳ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። በአጉሊ መነጽር እዩት፤ 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። መካከሉ ላይ ክብ ጉድጓድ፣ የማስቲሽ ነጠብጣብ፣ የብሎን ራስ፣ በሞረድ የተላገ ጠፍጣፋ ገጽ ወይም በቀለም የተሸፈነ ጠባሳ ካለ መኪናው ተፈትቷል። የተፈታ መኪና ከዚያ በኋላ የሚያሳያችሁ መስታወት፣ የውስጥ ወንበርም ሆነ ቀለም የፋብሪካ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ለእይታ ከሆነ ግዙት፤ እንደ ብርቅ መልክ ግን ዋጋ አትክፈሉበት።

ጎማና አክሰል ዘመኑን ይናገራሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎማው ራሱ ብረት ነበር። ከ1957 እና 1958 ገደማ ጀምሮ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ፤ ለአጭር ጊዜ ብርማ ፕላስቲክ በመንገደኛ መኪኖች ላይ ታየ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክ ቦታውን ያዘ። ለውጡ በሁሉም ሞዴል ላይ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ለዚህ ነው በ1958 የወጣው 44 ቁጥር ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ክላውድ በብረት ጎማም፣ በግራጫም፣ በብርማም የሚገኘው።

አክሰሉ ላይ የጫፉን ቅርጽ ተመልከቱ። ቀደም ያሉት ጫፋቸው በመጭመቂያ ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ከ1958 ገደማ ወዲህ ግን እንደ ሚስማር ራስ ክብና ጉልላት መሰል ሆነ። ሁለቱን መረጃ አንድ ላይ ስታነቡ ብዙ ነገር ይገለጣል። የብረት ጎማ በጠፍጣፋ አክሰል፣ የብረት ጎማ በክብ አክሰል፣ ግራጫ ጎማ በጠፍጣፋ፣ ግራጫ በክብ፤ እነዚህ ሁሉ የሽግግሩ ጊዜ ልጆች ናቸው፣ እንደ ሞዴሉ የሚጠበቁ ናቸው። ጥቁር ፕላስቲክ ጎማ በጠፍጣፋ አክሰል ግን ጊዜው አይገጥምም፤ ጠፍጣፋው አክሰል ካበቃ በኋላ ነው ጥቁሩ የመጣው። እንዲህ ያለ መኪና ሲቀርብላችሁ ጫፉን በደንብ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ጎማ ሲቀየር በፒንሳ የተጨፈለቀ ነው። የፒንሳ ጥርስ ሸካራ ምልክት ይተዋል፤ የአራቱ ጫፎች ስፋትም አይመሳሰልም።

ግራጫና ጥቁር ጎማዎች ዙሪያቸው ላይ ጥርስ አላቸው። የጥርሱ ብዛት ይለያያል፤ 24፣ 36 እና 45 ጥርስ ያላቸውን ሰብሳቢዎች ለይተው ይመዘግባሉ። በዓይን መቁጠር ያታክታል፣ ያሳስታልም። ቀላሉ መንገድ ጎማውን ከጎኑ በስልክ ቅርብ ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶውን አጉልቶ፣ ከአንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጎ ዙሪያውን መቁጠር ነው። ጎማውን በቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማንከባለል የሚመክሩ አሉ፤ አታድርጉት፣ ቀለሙ ግራጫው ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ አይለቅም። አራቱም ጎማ መቆጠር አለበት፤ የፊቱና የኋላው የተለያየ ጥርስ ያለው መኪና ከፋብሪካም ሊወጣ ይችላል፤ አክሰሉ ያልተነካ መሆኑን ግን አረጋግጡ።

በ1968 የአሜሪካው ማቴል ኩባንያ ሆት ዊልስን አወጣ፤ መኪኖቹ በቀጭን ሽቦ አክሰል ላይ ይፈተለኩ ነበር። ሌስኒ በ1969 ሱፐርፋስት በሚል ስም ቀጭን አክሰልና ሰፋ ያለ አዲስ ጎማ ይዞ መለሰ፤ ነባሮቹን ፎርማዎችም ለአዲሱ ጎማ እየለወጠ ተጠቀመባቸው። በዚህ ሽግግር አሮጌው አካል በአዲስ ጎማ፣ አሮጌው ቀለም በአዲስ ካርቶን ይገናኛሉ። ለሰብሳቢ ከዚህ ጊዜ የሚበልጥ ለም መሬት የለም ብለን እናምናለን።

መስታወት ላይ ብዙ አንቆይም። ከ1960 ገደማ በፊት መስኮቱ ባዶ ነበር። 33 ቁጥር ፎርድ ዞዲያክ በጥቁር አረንጓዴና በጥቁር ሰማያዊ ያለ መስታወት ወጣ፤ በኋላ የመጣው ቡናማና ብርቱካናማ ባለ ሁለት ቀለም ግን ያለ መስታወትም፣ ከመስታወት ጋርም አለ። መስታወት ለመጨመር መኪናውን መፍታት ግድ ስለሆነ፣ ጥቁር ሰማያዊ ዞዲያክ መስታወት ኖሮት ከቀረበላችሁ በቀጥታ ወደ ሪቬቱ ሂዱ።

ቀለም ላይ ደረስን። ቀለም በእርግጥ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። 11 ቁጥር የነዳጅ ቦቴ በመጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ፤ አረንጓዴው ብርቅ ነው። 17 ቁጥር ቤድፎርድ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ በውሃ ሰማያዊ፣ በወይን ጠጅና በአረንጓዴ ወጥቷል፤ እንደ ልብ የሚገኘው አረንጓዴው ነው። 8 ቁጥር ፎርድ ሙስታንግ ከሱፐርፋስት በፊት በነበረው ጎማ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ብርቱካናማው ሰብሳቢዎች ለዓመታት የሚፈልጉት ነው። ብርቅነቱ የታወቀ ቀለም ሁሉ የሚያስመስሉት አሉና ምርመራውም በዚያው ልክ ይጠብቃል።

ፋብሪካው አካሉን የሚቀባው ሻንሲው ከመገጠሙ በፊት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቀለም በሻንሲው ጠርዝ ሥር ይዘልቃል፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ በኩል ይታያል፣ በመስኮቶቹ ጉድጓድ ጠርዝም አለ። ሳይፈታ የተቀባ መኪና ሻንሲው ጠርዝ ላይ የቀለም መስመር ይኖረዋል፤ ወይም አክሰሉና የጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የስፕሬይ ብናኝ ይገኛል። ተፈትቶ የተቀባው ደግሞ ሪቬቱ ይመሰክርበታል። አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ ወፍሮ ስለሚቀመጥ የበር መስመሮችንና የመብራት ጠርዞችን ይሞላቸዋል፤ ያልተነካው ላይ እነዚህ መስመሮች ስል ናቸው።

ፀሐይም ቀለም ቀያሪ ናት። ቀይ ወደ ብርቱካን፣ ሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ሊሄድ ይችላል። «ያልተመዘገበ ቀለም» የተባለ መኪና ስታገኙ ትንሽ ባትሪ በመስኮቱ አስገብታችሁ የጣሪያውን ውስጥና የሻንሲውን ጥግ እዩ። ውስጡ ከውጭው የጠቆረ ወይም የደመቀ ከሆነ መኪናው ደብዝዟል፤ አዲስ መልክ አይደለም። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ምርመራው ይቀጥላል። ትንንሽ የቀለም መበላለጥን፣ አንዱ የቀለም በርሜል ከሌላው ጠቆር ያለበትን፣ እኛ እንደ ራሱ የቻለ መልክ አንቆጥርም። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንም ሰው ሳይነገረው የሚለያቸው ሲሆኑ ብቻ መለየቱ ተገቢ ነው። አምፖል ሥር የተፈረደ ቀለም ሁሉ እንደገና ይታይ።

በመኪኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ስስ ዲካል ነበር፤ በወረቀት ላይ የታተመ ስቲከር የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። 46 ቁጥር የፒክፎርድስ ዕቃ ማጓጓዣ በጥቁር ሰማያዊና በአረንጓዴ ይታወቃል። ይኸው ፎርማ በቡናማ ቀለም «ቢልስ ቢልሰንስ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ለአንድ የሱቅ ድርጅት ማስታወቂያ ወጥቷል፤ የራሱም ካርቶን ነበረው። ዋጋው ከአረንጓዴው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዲካሉን በአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ውስጥ መርምሩት። አዳዲስ ወረቀቶች፣ ማስቲሾችና ቀለሞች ብዙ ጊዜ ፈክተው ያበራሉ። ዲካል ኖሮበት የተላጠ መኪና ላይ ደግሞ በቦታው ያልደበዘዘ ቀለም ወይም የጠርዝ ጥላ ይቀራል፤ ይህ ጥላ ካለ «ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ከፋብሪካ የወጣ» የሚለው አያስኬድም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዲካል ያለውን መኪና ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ጽሑፉ ይነሣል፣ አክሰሉም ይዝጋል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ካስፈለገም እርጥብ ጨርቅ ከዲካሉ ርቆ ይበቃል። አልኮልና ቲነር ፈጽሞ አይነካው። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ የተላላጠውን መኪና ለሕፃን አትስጡ።

ካርቶኑን የምናየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለመለዋወጥ አንድ ሰከንድ ይበቃል። የ1950ዎቹ ካርቶኖች ላይ «ሞኮ» የሚለው ስም አለ፤ ሞኮ የአከፋፋዩ ስም ነው፤ ሌስኒ የአከፋፋዩን ድርሻ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ከገዛ በኋላ ስሙ ጠፋ። ጥቁር ጎማ ያለው መኪና በሞኮ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ሁለቱን ያገናኛቸው ሻጩ ነው። ካርቶኑ ራሱ አዲስ ቅጂ መሆኑን ለማወቅ በአጉሊ መነጽር የሕትመቱን ነጥቦች፣ በአልትራቫዮሌት ደግሞ የካርቶኑን ውስጠኛ ገጽ እዩ፤ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ለ1950ዎቹ ካርቶን አጠራጣሪ ነው።

ሰብሳቢዎች በሦስት ኮድ ይነጋገራሉ። ኮድ 1 አምራቹ ራሱ እንዲህ አድርጎ ያወጣው፣ ኮድ 2 በአምራቹ ፈቃድ ሌላ ሰው የለወጠው፣ ኮድ 3 ያለ ፈቃድ የተለወጠው ነው። ኮድ 3 መኪና በግልጽ ኮድ 3 ተብሎ ከተሸጠ ነውር የለውም፤ በጥበብ የተሠሩም አሉ። ጥፋቱ እንደ ኮድ 1 ሲሸጥ ነው። ሌስኒ በሰኔ 1982 ከከሰረ በኋላ ከፎርማዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ቡልጋሪያ ሄደው እዚያ በእጅግ ብዙ ቀለማት ተሠርተዋል። እነዚህ ኮድ 3 አይደሉም፣ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው የፋብሪካ ምርቶች ናቸው፤ ሻንሲያቸው ላይ «በቡልጋሪያ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለ። በእንግሊዝ ከተሠሩት ጋር በአንድ ዝርዝር ከተቀላቀሉ ግን ዝርዝሩ ይበላሻል።

የምታገኙትን መልክ ስትመዘግቡ በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፉት፦ ቁጥርና ፊደል፣ የአካሉ ልዩ ምልክት፣ የሻንሲው ጽሑፍና ቀለም፣ የሪቬቱ ሁኔታ፣ የአክሰሉ ጫፍ፣ የጎማው ዓይነትና የጥርስ ብዛት፣ መስታወት፣ ቀለም፣ ዲካል፣ ካርቶን። ያላያችሁትን ክፍል ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ፎቶው ከአንድ ጎን ብቻ መሆን የለበትም፤ ሻንሲውን፣ አራቱን የአክሰል ጫፎችና ሁለቱንም ጎኖች፣ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንሱ። ሌላ ሰብሳቢ መኪናውን ሳይነካ የጻፋችሁትን ሊያረጋግጥ የሚችለው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መኪኖች ማየት ትችላላችሁ። ጓንት አለ፣ አጉሊ መነጽሮቹም በቂ ናቸው፤ ከሻንሲያቸው ጀምሩ።